የድሮ ቮልስ ዳሽቦርድ ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሶማሌ ተራ የተገዛ ዳሽቦርድ በአውቶቡስ ተጭኖ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ፣ ባለቤቱ በዚያው ቀን አስበይዶ ቀለም ማስቀባት ይፈልጋል። ጉጉቱ ይገባኛል። ግን ብዙ ቮልስ የሚበላሸው በዚህ ጥድፊያ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሞዴሉን ሳያዩ መግዛት ነው። የቮልስ ዳሽቦርድ በብሎን የሚፈታ ዕቃ ሳይሆን የቦዲው አካል ነው። ተቆርጦ ይወጣል፣ ተበይዶ ይገባል። ቀዳዳዎቹ ደግሞ እንደ ዓመቱ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 ሞዴል ድረስ የነዳጅ ጌጁ ለብቻው ነበር፤ ከ1968 ሞዴል ወዲህ ፍጥነት መለኪያው ውስጥ ገብቶ በኤሌትሪክ መሥራት ጀመረ። አዲሱን ከአሮጌ ታንክ ጋር ካጋባችሁ፣ የነዳጁን መጠን ለጌጁ የሚነግረውን የታንኩን ተንሳፋፊ ካልቀየራችሁ በስተቀር ጌጁ አያነብም። 1303 የሚባለው የቮልስ ሞዴል ዳሽቦርድማ አይሞከርም፤ የተሠራው ጎበጥ ላለ የፊት መስታወት ነው።

ታንኩን ሳያወጡ መበየድ ሌላው ነው። የቮልስ ታንክ ከፊት ነው፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ። «ባዶ ነው፣ ችግር የለውም» የሚል ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉት። የሚፈነዳው ባዶ ታንክ ውስጥ የቀረው ትነት ነው። አሮጌውን ከመቁረጣችሁ በፊትም ቦዲውን ከግራ ቀኝ በብረት አስደግፉ፤ አለዚያ በሩ አልገጥም ይላል።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ቀዩን የጄኔሬተር መብራት መርሳት ነው። ለማሳመር ተብሎ አዳዲስ ጌጆች ይደረደራሉ፣ እሱ ይቀራል። ቮልስ በውኃ አይቀዘቅዝም፣ የሙቀት ጌጅም የለውም። የሚያቀዘቅዘውን ፋንና ጄኔሬተሩን የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ቻርጁም ማቀዝቀዙም አብሮ ይቆማል፤ ይህን የሚነግራችሁ ቀዩ መብራት መብራቱ ነው። እስቲ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት አስቡት። በረሃው ይፋጃል፣ መኪናዋ በከባድ ማርሽ ታቃስታለች። ያ መብራት ከሌለ ሹፌሩ ነገሩን የሚያውቀው ሞተሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ስለዚህ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ስጡት። ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ሞተር ሲነሳ መጥፋት አለበት። የዘይቱ መብራትም እንደዚያው።

ለቴፕ ብላችሁ ዳሽቦርዱን አትቁረጡ። የዛሬ ቴፕ ወደ 18 በ5 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ የድሮው ቀዳዳ ይጠበዋል። የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ደብቁት፣ ድምፁ ያው ነው።

መኪናዋ 6 ቮልት ናት ወይስ 12? ዳሽቦርዱ ከ6 ቮልት መኪና የወጣ ከሆነ አምፖሎቹ በ12 ወዲያው ይቃጠላሉ።

በትራፓኖ በተበሳ ቀዳዳ ገመድ ስታሳልፉ ጎሚኒ አድርጉበት። የኮረኮንች መንገድ ሲንጠው የብረቱ ጠርዝ ገመዱን ይልጠዋል፣ ከዚያ ሾርት ነው። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ ሽቦ መጠምጠም ደግሞ እሳት መጥራት ነው። የቮልስ ፊውዝ 8 እና 16 አምፔር ነው፤ ያንኑ መልሱ።

ታንኩ ከመመለሱ በፊት ፍሬቻውን፣ መጥረጊያውን፣ መብራቶቹን አንድ በአንድ ሞክሩ። ታንኩ ከገባ በኋላ ለእጅ የሚሆን ቦታ ይጠባል።