የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ዘመድ የእንክብካቤ ቤት እንዴት ይመረጣል? ደኅንነቱስ እንዴት ይጠበቃል?

ታናሽ ወንድሜ ሆዱን ሲያመው "አመመኝ" አይልም። ጫማውን አውልቆ ይወረውራል። እናታችን ይህን ስለምታውቅ ጫማ ሲበር ካየች መጀመሪያ ሆዱን ነበር የምትዳብሰው። የእንክብካቤ ቤት በገባ በሦስተኛው ሳምንት መዝገቡ ላይ "ዕቃ የመወርወር ጠባይ አለው" ተብሎ ተጻፈ። ለጠባዩ ማረጋጊያ መድኃኒት ሊጠየቅለት ሲል ደረስን። ነገሩ የሆድ ድርቀት ነበር።

ሠራተኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ስለ ጫማው የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። እኛ ራሳችን ረስተነዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤቶች አይቻለሁ፤ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር ደኅንነት የሚጀምረው አጠገቡ ያለው ሰው ምን ያህል ያውቀዋል ከሚለው ነው። (የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ከአእምሮ ሕመም ጋር አይምታታባችሁ። ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ ነገር ለመረዳትና ለመማር ተጨማሪ ጊዜና እገዛ የሚጠይቅ ሁኔታ ነው።)

1. አንድ ገጽ ጻፉ

ቤት መፈለግ ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ዘመዳችሁ አንድ ገጽ አዘጋጁ። የሕክምና ታሪኩ ለብቻው ይያዝ። እዚህ የሚሰፍረው ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀው ነው። ሲያመው ምን ያደርጋል? "እሺ" ሲል እውነቱን ነው ወይስ ሰው ላለማስቀየም? ምን ያስፈራዋል? ሲበላ ምን ያንቀዋል? ማታ መብራት ይጥፋ ወይስ ይብራ? እሱ ራሱም በሚችለው መንገድ ይሳተፍ። መናገር ካልቻለ ፎቶ እያሳያችሁ አስመርጡት። ሁለተኛ ገጽ አትጨምሩ፤ በሥራ ሰዓት ሁለተኛውን ገጽ የሚያነብ ተንከባካቢ እስካሁን አላጋጠመኝም።

2. ሁለቴ ሂዱ፣ አንዱን በምግብ ሰዓት

የመጀመሪያው ጉብኝት በቀጠሮ ነው። ወለሉ ተወልውሎ፣ ማናጀሩ በር ላይ ቆሞ ይቀበላችኋል። እሱን እንደ ሰርግ ቀን ቁጠሩት። ሁለተኛውን ሳትናገሩ ሂዱ፣ በምሽት ወይም በእረፍት ቀን። ነዋሪዎቹ ቤታቸው ስለሆነ መጠነኛ ገደብ ቢኖር አይገርምም። በሩ ጭራሽ የማይከፈት ከሆነ ግን ሌላ ቤት ፈልጉ።

ምግብ ሲቀርብ ማንኪያውን ተመልከቱ። አንድ ቤት ውስጥ ያየሁት እንዲህ ነው፦ ተንከባካቢዋ ቆማ ታጎርሳለች። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ሰውዬው የጎረሰውን ሳይውጥ ሁለተኛው ማንኪያ ከንፈሩ ላይ ደርሷል። ሌላ ቤት ደግሞ አንድ ወጣት ሠራተኛ ወንበር ስቦ ጎኑ ተቀምጧል። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። የሰውዬው ጉሮሮ ከፍ ዝቅ ሲል ካየ በኋላ ነው የሚቀጥለውን የሚያነሳው። ወሬም የለም፣ ችኮላም የለም።

ልዩነቱ የትሕትና ብቻ አይምሰላችሁ። መዋጥ የሚቸግረው ሰው በቀላሉ ይታነቃል። ምግብ በአየር ቧንቧው እየሾለከ ከገባ ደግሞ የሳንባ ምች ያመጣበታል። ምግብና መጠጥ እንደ ልስላሴውና እንደ ውፍረቱ ከ0 እስከ 7 ባሉ ደረጃዎች የሚለይበት ዓለም አቀፍ አሠራር አለ። ወደ ኩሽና ገብታችሁ፣ መዋጥ ለሚቸግረው ሰው ምግቡ እንዴት እንደሚዘጋጅ ምግብ አብሳዩን ጠይቁ። እሱ ካላወቀ፣ የማናጀሩ ማወቅ ብዙም አይጠቅምም።

3. ስለ ሌሊቱ ጠይቁ

ሌሊት ስንት ሠራተኛ አለ? ስንቱ ነቅቶ ያድራል? ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እሳት ቢነሳ በእግሩ መውጣት የማይችለውን ማን ያወጣዋል? ከእሳት የማምለጥ ልምምዱ በሌሊቱ የሰው ቁጥር ተሞክሮ ያውቃል? ሠራተኞቹ እዚያ ስንት ጊዜ እንደቆዩም ጠይቁ። በየወሩ ሰው የሚቀያየር ከሆነ ዘመዳችሁ በየወሩ አዲስ እንግዳ ፊት ልብሱን አውልቆ ይታጠባል ማለት ነው።

4. መታጠቢያ ቤቱን እዩ

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ከ5 ሰዎች አንዱ ገደማ የሚጥል በሽታም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ ውስጥ፣ ኦክስፎርድ በሚገኝ አንድ የሕክምና ማዕከል የነበረ የ18 ዓመት ወጣት ባኞ ውስጥ ሳለ በሽታው ተነሥቶበት ሰጥሞ ሞተ። እናቱ ምላሱን እንደነከሰ አይታ፣ በሽታው ሳይነሣበት አልቀረም ብላ ለሠራተኞቹ አስቀድማ ነግራ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ምክንያቱን የመረመረው ችሎት ቸልተኝነት ለሞቱ አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰነ።

ስለዚህ ዘመዳችሁ የሚጥል በሽታ ካለበት "ሲታጠብ ማን አጠገቡ ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። "እየሄድን እናየዋለን" መልስ አይደለም። ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ መንቀጥቀጥ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ሠራተኛው ያኔ ምን እንደሚያደርግ በቃሉ ይንገራችሁ። የውሃውንም ሙቀት አትርሱ። በብሪታንያ መመሪያ ተጋላጭ ሰዎች ለሚታጠቡበት ባኞ የሚወርደው ውሃ ከ44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በሴኮንዶች ውስጥ ይልጣል፤ "አቃጠለኝ" ብሎ መናገር የማይችል ሰው ደግሞ አለ።

5. "ጠባዩ ነው" ሲባል ጆሯችሁን አቁሙ

የወንድሜ ጫማ እዚህ ይገባል። ድንገት መጮኽ፣ ራስን መምታት፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ እንቅልፍ ማጣት ብዙ ጊዜ የሕመም ቋንቋ ነው። ጥርስ፣ ጆሮ፣ ሽንት፣ ሆድ በቅድሚያ ይታዩ። የሆድ ድርቀት እንደ ቀልድ ይታያል፣ ግን ካልታከመ ይገድላል። ደኅና ቤት ሽንት ቤት መቼ እንደሄደ ይመዘግባል። ነገሩ ያሳፍራል ብላችሁ አትለፉት፣ ጠይቁ።

ቀጥሎ መድኃኒቱን ቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ባወጣው ግምት፣ በአገሪቱ ከ30,000 እስከ 35,000 የሚሆኑ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች ለአእምሮ ሕመም ወይም ለድብርት የሚሰጥ መድኃኒት ያለ በቂ የሕክምና ምክንያት ይወስዱ ነበር። እያንዳንዱ ኪኒን ለምን እንደታዘዘ፣ ማን እንዳዘዘውና መቼ እንደገና እንደሚታይ ጠይቁ። በራሳችሁ ግን አታስቁሙ። ድንገት ማቋረጥ ራሱ አደጋ ስላለው በሐኪም በኩል ይሁን።

6. የአደጋ መዝገቡን አሳዩን በሉ

ስም ተሸፍኖ ማሳየት ይችላሉ። "እዚህ ምንም ተከስቶ አያውቅም" የሚል ቤት እኔን ያሰጋኛል። ሰው በሚኖርበት ቤት መውደቅም መጋጨትም አይቀርም። የምፈልገው "ሰኞ ወደቀ፣ ምንጣፉ ነው ያደናቀፈው፣ ማክሰኞ አነሣነው" የሚል መዝገብ ነው። ሰው በጉልበት ተይዞ ወይም ክፍል ተቆልፎበት ያውቅ እንደሆነ፣ ለምን ያህል ደቂቃ እንደቆየና ለቤተሰብ ተነግሮ እንደሆነም ጠይቁ። የገንዘቡ ነገር አጭር ነው፦ ደረሰኝ ይኑር፣ በየወሩ እዩት።

7. ከገባ በኋላ ማስታወሻ ያዙ

ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ተረኛ እንደነበር፣ ምን እንዳያችሁ ጻፉ። ክብደቱን ተከታተሉ። ሲወድቅ የሚያርፍበት ቦታ፣ ለምሳሌ ቅልጥሙ ላይ ቢበልዝ የተለመደ ነው። የላይኛው ክንድ ውስጠኛ ክፍል፣ አንገት ወይም ጆሮ ላይ ከሆነ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ ሠራተኛ ሲገባ ዘመዳችሁ አንገቱን ከደፋ ወይም ከሸሸ እሱንም ጻፉ። መናገር የማይችል ሰው ምስክርነቱ ይሄ ነው።

ቅሬታ ካላችሁ በቃል አትጨርሱት። በጽሑፍ ስጡ፣ ቅጂ አስቀሩ፣ መልስ የሚሰጥበትን ቀን አስይዙ። መልስ ካጣችሁ ቤቱን ወደሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሂዱ። ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት ወይም ስርቆት ከሆነ በቀጥታ ፖሊስ ጋ። እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል አቅራቢያ በነበረው ዊንተርቦርን ቪው በተባለ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚታከሙበት የግል ሆስፒታል አንድ ነርስ ታካሚዎች ሲሰቃዩ አይቶ ለአስተዳደሩም ለተቆጣጣሪውም ቢያመለክት ሰሚ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቢቢሲ በድብቅ ካሜራ የቀረጸውን ሲያሳይ ነው አገር የደነገጠው። 11 ሠራተኞች ጥፋታቸውን አመኑ፣ 6ቱ ታሰሩ። ስለዚህ አንድ በር ካልተከፈተላችሁ ሌላውን አንኳኩ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቅጂም ከሁለተኛው ጋር አያይዙት።

መልሱ እስኪመጣ ዘመዳችሁን እየሄዳችሁ መጠየቃችሁን አታቋርጡ። ሰዓቱን ግን ቀያይሩት፦ አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ልክ ተረኞቹ ሲቀያየሩ።