የአደጋን መጠን የሚያሳይ ሥዕል ሰው ሲሳሳትበት፦ ችግር፣ መንስኤ፣ መፍትሄ

ለጤና ጣቢያ ግድግዳ፣ ለበራሪ ወረቀት ወይም ለቴሌቪዥን እንዲህ ያለ ሥዕል ለምታዘጋጁ፣ ደጋግመው የሚያጋጥሙትን ችግሮች ከነመንስኤያቸው እነሆ።

ችግር፦ ሰው ከሚገባው በላይ ደነገጠ

መንስኤው ብዙውን ጊዜ «በእጥፍ ጨመረ» ብሎ ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ አለመናገር ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ አንዳንድ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ እንደሚጨምሩ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ሐሰት አልነበረም፤ ከ7,000 ሴቶች በአንዷ ላይ ይደርስ የነበረው በሁለት ላይ ይደርሳል ማለት ነበር። ብዙዎች ግን ደንግጠው እንክብሉን አቋረጡ፤ ያልታቀደ እርግዝናና ውርጃም ጨመረ። የሚያሳዝነው፣ እርግዝና ራሱ ለደም መርጋት ከእንክብሉ ይበልጥ ያጋልጣል።

መፍትሄ፦ አንዱ የሌላውን እጥፍ የሚረዝምበት ባለ ሁለት ዓምድ ግራፍ ድንጋጤውን ያባብሰዋል። በዓምዱ ፈንታ ሰዎቹን ሣሉ። 10 ረድፍ፣ በየረድፉ 10 ክብ፤ ይህ 100 ሰው ነው። መድኃኒቱን ከማይወስዱት 2 ይታመማሉ እንበል፣ ከሚወስዱት ደግሞ 3፤ በአንዱ ሥዕል 2፣ በጎኑ ባለው 3 ክብ አጥቁሩ። ያን ጊዜ ተመልካቹ የማይታመሙትን 97 ሰዎችም ያያል፤ ግራፉ የሚሰውረው እነዚህን ነው። የጠቆሩትን በአንድ ጥግ ሰብስቧቸው፤ ከተበተኑ ለመቁጠር ያስቸግራሉ። አንዱን ሥዕል ከ100፣ ሌላውን ከ1,000 ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። አደጋው ከ7,000 አንድ ከሆነ ክቦቹን አሳንሳችሁ ሰባቱንም ሺህ በአንድ ገጽ አሳዩ።

ችግር፦ ቀለሙ አልለየም

ወረቀቱ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሲባዛ ቀይና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ቀለሞች መለየት የሚቸግራቸው ሰዎችም አሉ። ስለዚህ በቀለሙ ላይ ጽሑፍ ወይም ሰረዝ ጨምሩ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን ክንድ የሚለኩበት ጥብጣብ ጥሩ አርአያ ነው፦ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከ12.5 ጀምሮ አረንጓዴ። ቁጥሩ ከቀለሙ ጋር ታትሟል። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ቀለሙ ቀጥሎ የሚደረገውንም የሚናገር መሆኑን ነው፤ ቀይ ላይ ያረፈ ሕፃን ወደ ሕክምና ይላካል።

ችግር፦ «እኛን አይነካንም» ብለው ተቀመጡ

መንስኤ፦ ቀጭን መስመር። በ2004 እ.ኤ.አ. ቻርሊ የተባለው አውሎ ነፋስ ወደ ፍሎሪዳ ሲገሰግስ የትንበያው መስመር ወደ ታምፓ ያመለክት ነበር። ነፋሱ ግን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጥፎ ከታምፓ በስተደቡብ በምትገኘው በፑንታ ጎርዳ ከተማ አካባቢ መታ። ከተማዋ ማስጠንቀቂያ በተሰጠበት ክልል ውስጥ ነበረች፤ የብዙ ሰው ዓይን ግን መስመሩ ላይ ተተክሎ ነበር።

መፍትሄ፦ መስመሩን አንሡና ሊደርስ የሚችልበትን ክልል በሙሉ ቀቡ፤ ከክልሉ ውጭም አደጋ ሊኖር እንደሚችል እዚያው ሥዕሉ ላይ ጻፉ።

ከመታተሙ በፊት ሥዕሉን ለሙያው እንግዳ ለሆኑ ጥቂት ሰዎች አሳዩ። «ገባዎት?» ብላችሁ ብትጠይቁ ለአክብሮት ሲሉ «አዎ» ይሏችኋል። ይልቁንስ «ከ100 ሰው ስንቱ ይታመማል? እርስዎስ ነገ ምን ያደርጋሉ?» በሏቸው።