በጣና ላይ የሚሠሩ የሞተር ጀልባዎችን ብክለት ለመቀነስ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅና ወደ ጎርጎራ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ የጀልባ ባለቤት ስለ ብክለት ሲነሣ ዓይኑን የሚጥለው በጭሱ ላይ ነው፤ እኔ ግን በጀልባው ወለል ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ይቅደም እላለሁ። ይህ ውሃ ከሞተሩ ከሚንጠባጠበው ዘይትና ናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ በፓምፕ ወደ ሐይቁ ይደፋል። በባሕር ላይ የሚጓዙ ትላልቅ መርከቦች እንዲህ ያለውን ውሃ ሲለቁ ዘይቱ ከሚሊዮን እጅ ከ15 እጅ እንዳይበልጥ ዓለም አቀፍ ደንብ ያስገድዳቸዋል፤ ለዚህም መለያ መሣሪያ አላቸው። መሣሪያው በትናንሽ ጀልባዎች ላይ ባይኖርም፣ ዘይት በውሃ ላይ መንሳፈፉ ራሱ ሥራውን ያቀልላል።

ማታ ጀልባው ከታሰረ በኋላ ውሃው ሳይነካ ይደር። ጠዋት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ከላይ የተንሳፈፈውን ዘይት በጥጥ ጨርቅ እየነከሩ ማንሣትና ጨርቁን ክዳን ባለው በርሜል ማኖር ያስፈልጋል፤ ከዚያም ፓምፑ ከሥር እንዲስብ አድርጎ የላይኛው ስስ ሽፋን ሳይደርስበት ማቆም፣ የቀረውንም በጄሪካን ወደ የብስ ማውጣት ነው። ኦሞ መጨመር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሳሙና ዘይቱን በታትኖ ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ከተበተነ በኋላም መልቀም አይቻልም። ከሞተሩ ሥር ሳፋ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉም ይቀልላል።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ በመርከብ ሥራ በሚታወቀው ግምታዊ ስሌት መሠረት ፍጥነቱን በ10 በመቶ የቀነሰ ለዚያው ርቀት የሚያቃጥለው ነዳጅ በ19 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዳር ዳሩን ሲጓዙ ማዝገም ማዕበሉ የደንገሉን ሥር እንዳይቦረቡርም ይረዳል።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ የናፍጣ ሞተር እዚህ ነዳጁን አቃጥሎ ሳይጨርስ ጥቁር ጭስ ይተፋል። መካኒኩ የነዳጁን መጠን ለከፍታው እንዲያስተካክልና የአየር ማጣሪያውን እንዲያጸዳ ማዘዝ ይገባል። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ባለሁለት ምት ሞተር ከድብልቁ ከፊሉን ሳያቃጥል ወደ ውሃው ስለሚለቅ፣ ሞተር ሲቀየር ባለአራት ምቱን መምረጥ ይሻላል።

በመጨረሻም፣ በፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ እምቦጭ ሲላቀቅ ወደ ሐይቁ መልሶ አይጣልም፤ አንድ ቁራጭ በደረሰበት ስለሚበቅል፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተይዞ ከዳርቻው በራቀ ደረቅ መሬት ላይ ይሰጣ።