የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ሲያጋጥምህ

እያንዳንዱን ቃል እያወቅከው ዓረፍተ ነገሩ ስሜት አልሰጥ ካለህ፣ ፈሊጥ ነው ብለህ ጠርጥር። ቃል በቃል አትፈልግ፣ ሐረጉን እንዳለ ፈልግ። «ስፒል ዘ ቢንስ» ባቄላ መድፋት ሳይሆን ምስጢር ማውጣት ነው። «አንደር ዘ ዌዘር» ትንሽ አሞኛል፣ «ፒስ ኦፍ ኬክ» ደግሞ በጣም ቀላል ነው ለማለት። «ብሬክ ኤ ሌግ» ለየት ይላል፤ እግርህን ስበር የሚል ይመስላል እንጂ በተለይ መድረክ ላይ ለሚወጣ ሰው የሚባል የመልካም ዕድል ምኞት ነው፣ ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና ለሚገባ ሰው እንዳትለው!

ቅርጹንም አትነካካው። «ሂ ኪክድ ዘ በኬት» ሞተ ማለት ነው፤ «ዘ በኬት ዎዝ ኪክድ» ካልክ ግን በቃ፣ የተመታው ባልዲው ብቻ ነው። ደግሞ የቀልድ አነጋገር ስለሆነ ሐዘን ላይ ላለ ሰው አይባልም።