በሂንዱ ሥዕሎች ላይ የአማልክቱን ቤተሰብ እንዴት መለየት ይቻላል?

የህንዶች ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ ሙዚየም ውስጥ ወይም በአማርኛ በተመለሰ የህንድ ድራማ ላይ አባት፣ እናትና ልጆች አብረው የተቀመጡበት የሂንዱ ምስል አይተው ይሆናል። ማን ማን እንደሆነ ከፊታቸው ለመለየት መሞከር አያዋጣም። ሠዓሊዎቹ አማልክቱን በአብዛኛው ወጣትና መልከ መልካም አድርገው ነው የሚሥሏቸው። የሚያዋጣው ከእግር ስር መጀመር ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ከታላላቆቹ የሂንዱ አማልክት አንዱ የሆነው የሺቫ ቤተሰብ ስለሆነ በእሱ እንለማመድ።

1. እንስሳቱን ይፈልጉ

እያንዳንዱ አምላክ የራሱ መጓጓዣ እንስሳ አለው። እኛ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከአንበሶቹና ከነብሮቹ እንደምንለይ ሁሉ እዚህም እንስሳው ባለቤቱን ይናገራል። ናንዲ የሚባለው ኮርማ የሺቫ ነው። አንበሳው (አንዳንዴ ነብር ይሆናል) የሚስቱ የፓርቫቲ ነው። አይጧ የዝሆን ራስ ያለው የልጃቸው የጋኔሻ፣ ጣዎሱ ደግሞ የወንድሙ የካርቲኬያ ናቸው። በደቡብ ህንድ የሚኖሩት ታሚሎች ካርቲኬያን ሙሩጋን ይሉታል።

እዚህ ላይ ቶሎ አይለፉ። ሺቫ አንገቱ ላይ እባብ ጠምጥሟል። እባብ አይጥ ይውጣል፣ ጣዎስ እባብ ይበላል፣ አንበሳ ኮርማ ይሰብራል። አንድ ግቢ ውስጥ ሊያድሩ የማይችሉ ናቸው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሂማላያ ግርጌ በነበሩ ትንንሽ ግዛቶች፣ ለምሳሌ በካንግራ፣ በተሣሉት የወረቀት ሥዕሎች ላይ ግን ኮርማውና አንበሳው ተኝተው፣ ማንም ማንንም ሳይነካ ይታያሉ። ለእኔ የሥዕሉ ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። ወላጆቹ አጠገብ እስካሉ ድረስ ጠብ አይነሣም።

2. በእጃቸውና በገላቸው ላይ ያለውን ያረጋግጡ

እንስሳቱ ካልተሣሉ ወይም ከተሰበሩ ወደ ዕቃዎቹ ይሂዱ። ሺቫ ግንባሩ ላይ ሦስተኛ ዓይን፣ ጸጉሩ ላይ ለጋ ጨረቃ፣ አጠገቡ ባለ ሦስት ጫፍ ጦር አለው። ገላው አመድ ተቀብቷል፤ የነብር ቆዳ ለብሷል። ጎኑ ያለችው ፓርቫቲ የሂማላያ ንጉሥ ልጅ ናትና በወርቅና በሐር አጊጣ ትታያለች። ባሕታዊ ከልዕልት ጋር ተጋብቶ ሲቀመጥ ካዩ አልተሳሳቱም። ጋኔሻ አንዱ ጥርሱ የተሰበረ ሲሆን እጁ ላይ ጣፋጭ አይጠፋም። ካርቲኬያ ጦር ይይዛል፤ አንዳንዴም ስድስት ራስ አለው።

3. አቀማመጣቸውን ይዩ

ሚስት ብዙውን ጊዜ በባሏ ግራ ትቀመጣለች። ለተመልካች ግን በስተቀኝ ናት፤ ጀማሪ የሚያምታታው ይሄ ነው። በሰሜን ህንድና በኔፓል የድንጋይ ቅርጾች ላይ ፓርቫቲ በሺቫ ግራ ጭን ላይ ትቀመጣለች።

በታሚሎች አገር ደግሞ ሶማስካንዳ የሚባል አሠራር አለ። ሺቫና ሚስቱ አንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ሕፃኑ ስካንዳ፣ ማለትም ካርቲኬያ፣ መሃላቸው ይሆናል። ማሃባሊፑራም ባሉት የፓላቫ ነገሥታት ቤተ መቅደሶች ውስጥ በድንጋይ ተቀርጿል። ኋላ በቾላ ነገሥታት ዘመን በሰም እየተቀረጸ፣ በሸክላ እየተለበጠ፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በምትኩ ነሐስ እየፈሰሰበት ተሠርቷል። ሺቫ በኋለኛ እጆቹ መጥረቢያና ትንሽ ሚዳቋ ይይዛል። ሙዚየም ውስጥ በባልና ሚስቱ መካከል ክፍት ቦታ ካዩ ሁለት ብቻ ናቸው ብለው አይደምድሙ፤ ትንሹ ልጅ ከብዙዎቹ ነሐሶች ላይ ጠፍቷል።

4. ምን እየሠሩ ነው?

የካንግራ ሠዓሊዎች ቤተሰቡን እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተሰብ ሥራ ላይ ማሳየት ይወዳሉ። በአንዱ ሥዕል ሺቫና ፓርቫቲ የራስ ቅል በክር እየሰኩ የአንገት ጌጥ ያበጃሉ፤ ልጆቹም አጠገባቸው ናቸው። የራስ ቅሉ ያስደነግጣል፤ የተቀመጡበት ሁኔታ ግን ማታ ምድጃ ዳር ጥጥ የሚፈትሉ ያስመስላቸዋል።

ጋኔሻ ወላጆቹን ሲዞር ካዩ ታሪኩ የውድድር ነው። ዓለምን ቀድሞ የዞረ ፍሬ ይሸለማል ሲባል ካርቲኬያ በጣዎሱ በረረ። ጋኔሻ ግን አባትና እናቱን ዞሮ «ዓለሜ እናንተ ናችሁ» አለና ሽልማቱን ወሰደ።

5. አገሩን ይጠይቁ

በምሥራቅ ህንድ ወዳለችው የቤንጋሎች ከተማ ኮልካታ ሲደርሱ ዝምድናው ይለወጣል። በዱርጋ ፑጃ በዓል ዱርጋ (ፓርቫቲም ትባላለች) የጎሽ ጋኔኑን ስትወጋ አራት ልጆች ይከቧታል፤ ጋኔሻ፣ ካርቲኬያ፣ ባለ ጉጉቷ ላክሽሚና ባለ ዝይዋ ሳራስዋቲ። ሌላ ቦታ ላክሽሚ የሌላው ታላቅ አምላክ የቪሽኑ ሚስት ናት፤ ቤንጋሎች ግን ልጇ አድርገው፣ ዱርጋ በዓመት አንዴ ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ቤት ትመጣለች ይላሉ። ምስሎቹን የኩማርቱሊ ሰፈር ሠሪዎች በጭድና በወንዝ ጭቃ ያበጃሉ፤ በዓሉ ሲያልቅ ወንዝ ውስጥ ይገባሉ።

በምሥራቅ ህንድ ፑሪ ከተማ ያሉት ትልልቅ ዓይን ያላቸው ሦስት የእንጨት ምስሎች ደግሞ ወላጅና ልጅ አይደሉም። ጥቁሩ ጃጋናት፣ ነጩ ወንድሙ ባላባድራ፣ መሃል ያለችው ቢጫዋ እህታቸው ሱባድራ ናት። ቀስት የያዙ ሁለት ወንዶች፣ አንዲት ሴትና እግራቸው ስር የተንበረከከ ዝንጀሮ ካጋጠመዎ ራማ፣ ወንድሙ ላክሽማናና ሚስቱ ሲታ ናቸው። የተንበረከከው ሃኑማን አገልጋይ እንጂ ልጅ አይደለም።