ፀረ ሴማዊነትን የሚዋጋ ፖሊሲ እንዴት ለፓርላማ እንደሚበቃ መከታተያ፦ የጀርመን ምሳሌ

አንድ ፖሊሲ ለምን በዚያ ጊዜ ለውሳኔ እንደ በቃ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ወይም ጋዜጠኛ፣ ከውሳኔው ተነሥቶ ወደ ኋላ ቢሄድ ይቀናዋል። ለዚህ የጀርመን ፌዴራል መንግሥት የፀረ ሴማዊነት ኮሚሽነር (ፀረ ሴማዊነትን የመዋጋቱን ሥራ የሚያስተባብር ባለሥልጣን) ሹመት ጥሩ መለማመጃ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አስቀድመው የቃሉን ትርጉም ይለዩ፤ አማርኛ ራሱ ከሴማዊ ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑ ስያሜው የእኛን አንባቢ ሊያሳስት ይችላል፤ ቃሉ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ በጀርመን ከተስፋፋ ጀምሮ የሚያመለክተው በአይሁድ ላይ ያነጣጠረ ጥላቻን ነው።

ቡንደስታግ (የጀርመን ፌዴራል ፓርላማ) ኮሚሽነር እንዲሾም የጠየቀው ጃንዋሪ 18 ቀን 2018 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኮሚሽነር ፌሊክስ ክላይን በዚያው ዓመት በሜይ ሥራ ጀመሩ። ከዚህ ቀን ጥቂት ወደ ኋላ ሲመለሱ ዲሴምበር 2017ን ያገኛሉ፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለኢየሩሳሌም የእስራኤል ዋና ከተማነት እውቅና በሰጡ ማግስት በበርሊን ሰልፎች ላይ የእስራኤል ባንዲራ ተቃጥሎ ነበር። ብዙ ጸሐፊ ፍለጋውን እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስሕተቱም እዚሁ ነው። ቃጠሎው ጉዳዩ ለምን አጣዳፊ እንደ ሆነ ያስረዳል እንጂ፣ ኮሚሽነር የመሾሙ ሐሳብ ከየት እንደ መጣ አያስረዳም።

ስለዚህ ከድርጊቱ በፊት የተጻፉ ሰነዶችን ይፈልጉ። በቡንደስታግ ጥያቄ የተሰየመው ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን ኮሚሽነር እንዲሾም በሪፖርቱ የመከረው በኤፕሪል 2017፣ ማለትም ባንዲራው ከመቃጠሉ ስምንት ወራት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። መፍትሔው ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፤ የጎደለው ሰሚ ነበር። ሰነዱን ማን እንደ ጻፈውም ይመርምሩ፦ ይኸው ቡድን መጀመሪያ ሲሰየም አንድም አይሁዳዊ አባል አልነበረውም፤ አይሁዳውያን ባለሙያዎች የተጨመሩት ትችት ከተነሣ በኋላ ነው። የአንድን ችግር ልክ የሚወስነው፣ ለመናገር ወንበር የተሰጠው ሰው ነውና ይህን አቅልለው አይለፉት።

የፖለቲካውን ወቅት በአጭሩ ይመልከቱ። በሴፕቴምበር 2017 ምርጫ አማራጭ ለጀርመን የተባለው ቀኝ ዘመም ፓርቲ 12.6 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡንደስታግ ገባ፤ አዲሱ መንግሥት ደግሞ እስከ ማርች 2018 አልተመሠረተም ነበር። የውሳኔ ሐሳቡን ክርስቲያን ዴሞክራቶች፣ ሶሻል ዴሞክራቶች፣ ነፃ ዴሞክራቶችና አረንጓዴዎች በጋራ አቀረቡት፤ አማራጭ ለጀርመን ደገፈው፤ የግራ ፓርቲው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ድጋፍ ሁሉ ከአንድ ምክንያት አይመነጭምና ከድምፁ ቁጥር ይልቅ የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ያንብቡ፤ ስለ ስደተኞች የተነገረውንና ስለ ቀኝ አክራሪዎች የተነገረውን ለይተው ይመዝግቡ።

ዘዴውን በሌላ ጉዳይ ለመፈተሽ፣ በጀርመኗ ከተማ በሃሌ በሚገኘው ምኩራብ ላይ ኦክቶበር 9 ቀን 2019 ከተቃጣውና ሁለት ሰዎች ከተገደሉበት ጥቃት ይነሡ። መንግሥት ከሦስት ሳምንታት በኋላ ካወጣው የእርምጃዎች ዝርዝር ውስጥ የትኛው ከጥቃቱ በፊት ተረቅቆ እንደ ነበር ነጥብ በነጥብ ያጣሩ።