«ልጄ፣ ድምፁስ?»፦ ላፕቶፕ፣ ስልክና ካሜራ ከፕሮጀክተር ጋር ስናገናኝ

ኮተቤ ውስጥ የተተከለ የሠርግ ድንኳን ነው። የሙሽራዋ ወንድም የሚሠራው ሳዑዲ፣ ሪያድ ከተማ ነው፤ ፈቃድ አጥቶ ሳይመጣ ቀረ። በምትኩ የ6 ደቂቃ መልእክት በስልክ ቀርጾ ላከ። ቪዲዮው ያለው ታናሽ እህቱ ስልክ ላይ ነበር። ፕሮጀክተሩን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ስልኩን ለማገናኘት ብዙ ታገልኩ። በመጨረሻ ምስሉ ነጩ አቡጀዴ ላይ ቦግ አለ። እናትየው ከወንበራቸው ተነሥተው ጠጋ አሉ። የልጃቸው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ጥቂት አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ድምፁስ?» አሉኝ።

ድምፅ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሠራሬን ቀየርኩ። ምስልና ድምፅ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ሁለቱንም እንግዳ ሳይገባ ከጫፍ እስከ ጫፍ እፈትሻለሁ። ደግሞ ከላፕቶፑ አልጀምርም። ከግድግዳው ጀምሬ ወደ ኋላ እመጣለሁ። ለዕድር ስብሰባ፣ ለምርቃት፣ ለመዝሙር፣ ለሙት ዓመት ፎቶ ፕሮጀክተር ለምትተክሉ ሁሉ አሠራሬ ይኸው።

መጀመሪያ ቦታ። ፕሮጀክተሩን ከስክሪኑ መሃል ትይዩ አስቀምጡት። የምስሉን ስፋት የሚወስነው ርቀቱ ነው። ለብዙዎቹ የስብሰባና የትምህርት ቤት ፕሮጀክተሮች እኔ የምጠቀምበት ስሌት ቀላል ነው፤ ከሌንሱ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት ለ1.5 አካፍሉ። 4.5 ሜትር ከራቃችሁ 3 ሜትር ያህል ስፋት ታገኛላችሁ። የራሳችሁ ማሽን ትክክለኛ ቁጥር መመሪያው ላይ «ስሮው ሬሾ» ተብሎ ይገኛል። ምስሉ ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ «ኪስቶን» የሚባል ማስተካከያ አለ። እኔ ግን እሱን ከመንካቴ በፊት ጠረጴዛውን ነው ከፍ የማደርገው። ኪስቶን ምስሉን ጨምቆ ነው የሚያቃናው፤ ስለዚህ ትንንሽ ፊደል ይደበዝዛል። ከፕሮጀክተሩ ሥር ጠንካራ ሳጥን ማስገባት ይሻላል። የአየር ማስወጫውን ብቻ እንዳትደፍኑት።

ስክሪን ከሌለ አቡጀዴ ይበቃል። ጥብቅ አድርጋችሁ ወጥሩት፤ የተጨማደደ ጨርቅ ላይ የሰው ፊት ይጣመማል። ድንኳን ውስጥ ደግሞ እኔ የምወደው አሠራር አለ። ፕሮጀክተሩን ከአቡጀዴው ጀርባ አስቀምጬ ከኋላ አበራለሁ። አስተናጋጅ በፊት ለፊት ቢያልፍ ጥላው አይወድቅም፤ ገመድም ከእንግዳ እግር ይርቃል። ከኋላ ሲበራ ጽሑፉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይታያል። ሜኑ ውስጥ «ፕሮጀክሽን» የሚለውን ከፍታችሁ «ሪር» ስትሉት ይቃናል። የማይቃናው የቀን ብርሃን ነው። የኔ ማሽን የብርሃን ጉልበት 3600 ሉመን ነው፤ መጋረጃ በተዘጋበት አዳራሽ በቂ ነው። በቀትር ነጭ ድንኳን ውስጥ ግን ምንም አያሳይም። እንደዚያ ዓይነት ፕሮግራም ሲመጣ ቪዲዮው ከ12 ሰዓት በኋላ እንዲሆን ለደጋሹ አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

አሁን የፕሮጀክተሩን ጀርባ እዩ። ጠፍጣፋዋ ሰፊ ቀዳዳ ኤችዲኤምአይ ናት። ምስልና ድምፅ አብራ ትወስዳለች። ባለ 15 ቀዳዳዋ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊዋ፣ ቪጂኤ ናት። የ1987 ዓ.ም. የፈረንጆች ሥሪት ብትሆንም አሁንም ብዙ ቢሮና ትምህርት ቤት ውስጥ አለች። ምስል ብቻ ነው የምትወስደው። ድምፅ በፍጹም አያልፍባትም። ሁለት ብሎኖቿን ማጥበቅ አትርሱ፤ ስትላላ ምስሉ ቢጫ ወይም ሮዝ ይሆናል። ሦስተኛዋ ክቧ ቢጫ ቀዳዳ ናት፤ ለቆዩ ዕቃዎች።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣበትን ነገር ልንገራችሁ። ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ብቻ፣ ፕሮጀክተሩ ቪጂኤ ብቻ ሲሆን ኮንቨርተር ያስፈልጋል። ኮንቨርተር አቅጣጫ አለው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጠው በተቃራኒው አይሠራም፤ ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ሱቅ ስትገቡ «የቪጂኤና የኤችዲኤምአይ ኮንቨርተር ስጠኝ» አትበሉ። «ላፕቶፔ ኤችዲኤምአይ ያወጣል፣ ፕሮጀክተሬ ቪጂኤ ይቀበላል» በሉት። የሁለቱን ቀዳዳ ፎቶ አንሥታችሁ ብታሳዩት ደግሞ ስህተት የለም። ከጎኑ ትንሽ የድምፅ ቀዳዳ ያለውን ምረጡ፤ ቪጂኤ ያስቀረውን ድምፅ በዚያ ታወጣላችሁ። መርካቶ የምገዛ ከሆነ ላፕቶፔን ይዤ ሄጄ እዚያው ሱቁ ውስጥ እሞክራለሁ። ባለሱቁም አይከፋም።

ገመዱን ስትሰኩ ፕሮጀክተሩን ቀድማችሁ አብሩ። ከዚያ ገመዱ፣ ከዚያ ላፕቶፑ። ሪሞቱ ላይ «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጭናችሁ ገመዱ የገባበትን ቀዳዳ ምረጡ። ዊንዶውስ ላይ የመስኮት ምልክት ያላትን ቁልፍ ከፒ ጋር አብራችሁ ተጫኑ። አራት ምርጫ ይመጣል። «ዱፕሊኬት» ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል ያሳያል። «ኤክስቴንድ» ደግሞ ፕሮጀክተሩን ሁለተኛ ስክሪን ያደርገዋል። ሰው በተሰበሰበበት ሁሌ ኤክስቴንድ ነው የምጠቀመው። ቪዲዮውን ብቻ ወደዚያ እገፋለሁ፣ የቀረውን እኔ ጋ አስቀራለሁ። የቃል ኪዳን ፎቶ እየታየ የቴሌግራም መልእክት ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል አይቻለሁ፤ ለባለቤቶቹ ከባድ ነው። ቴሌግራሙን ዝጉት። ላፕቶፑ በራሱ እንዳይተኛም ስሊፑን አጥፉ።

የመዝሙር ግጥም ወይም የዕድር ሪፖርት በፓወርፖይንት የምታቀርቡ ከሆነ ፊደሉን አስቡ። በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ይወጣል። በየትኛውም ላፕቶፕ በሚነበበው በዩኒኮድ ጻፉት፤ ቢቻል በፒዲኤፍም አስቀምጡት። የኔ ፕሮጀክተር ምስል 1024 በ768 ነጥብ (ፒክስል) ነው፤ ጎኑ ከቁመቱ ብዙም አይሰፋም። የዛሬ ቪዲዮ ሰፊ ስለሆነ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይቀራል። ምንም ችግር የለውም፤ እንዲሞላ ብላችሁ ምስሉን አትወጥሩት። ሙሽሮች ቀጥነውና ረዝመው ይታያሉ።

ወደ ስልክ እንምጣ። ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው ስልክ ሁሉ ምስል አያወጣም። ቀዳዳው አንድ ዓይነት ነው፤ ውስጡ ግን ይለያያል። የሳምሰንግ ኤስ ስልኮች ከኤስ8 ጀምሮ ያወጣሉ። ሰው እጅ ላይ በብዛት ያሉት አብዛኞቹ የኤ ስልኮች ግን አያወጡም። አይፎን ከ15 ጀምሮ ቀዳዳው ታይፕ ሲ ሆኗል፤ ከተለመዱት ሞዴሎቹ ምስል ታወጣላችሁ። ከዚያ በፊት ያሉት የራሳቸው አዳፕተር ይፈልጋሉ። የማያወጣ ስልክ ላይ አዳፕተሩን መቶ ጊዜ ብትነቅሉና ብትሰኩ ለውጥ የለም። ያን ቀን ኮተቤ ላይ ጊዜዬን የበላው ይኸው ነው። የእህትየው ስልክ የማያወጣው ዓይነት ነበር። ምስሉ የመጣው ቪዲዮውን ወደ አጎቷ ስልክ አዛውረን ነው።

አሁን ስልክ ጨርሶ አልሰካም። «ቪዲዮውን ላኩልኝ» እላለሁ፤ ከቀኑ አንድ ቀን በፊት። በቴሌግራም ሲልኩ «ፋይል» በሚለው እንዲልኩት እነግራቸዋለሁ። እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቃል፤ 3 ሜትር ስፋት ላይ ሲዘረጋ ፊት ይፈረካከሳል። ላፕቶፑ ላይ አውርጄ እስከ መጨረሻው አያለሁ። ኢንተርኔት ላይ ጥገኛ ሆኖ ሠርግ መግባት አይገባም።

ካሜራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፤ ሚኒ ወይም ማይክሮ ኤችዲኤምአይ። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት የካሜራውን መመሪያ እዩ። ማይክሮዋ ስስ ናት። ገመዱን በካሜራው እጀታ ወይም በትራይፖዱ ላይ እሰሩት፤ ሰው ቢጎትተው ቀዳዳው እንዳይነቀል። ካሜራው ስክሪን ላይ ያሉት የባትሪና የሰዓት ምልክቶችም አዳራሹ ይታያሉ። ሜኑ ውስጥ የኤችዲኤምአይ ማሳያውን ስታጠፉት ምስሉ ብቻ ይቀራል።

ርቀቱ ግን ራሱን የቻለ ችግር ነው። ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ እስከ 10 ሜትር ድረስ ብዙም አላስቸገረኝም። 15 ሲያልፍ ነጭ ነጠብጣብ መርጨት ይጀምራል፣ ከዚያ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ለረጅም ርቀት የፋይበር ኤችዲኤምአይ አለ፤ እኔ የ30 ሜትሩን ነው የምይዘው። እሱም አቅጣጫ አለው። አንዱ ጫፍ ላይ «ሶርስ»፣ ሌላው ላይ «ዲስፕሌይ» ተጽፏል። ሶርሱ ካሜራው ወይም ላፕቶፑ ጋ፣ ዲስፕሌዩ ፕሮጀክተሩ ጋ። ገልብጣችሁ ምንጣፍ ሥር ከቀበራችሁት ሁሉንም መልሳችሁ ማውጣት ነው። ስለዚህ ከመዘርጋቴ በፊት ጫፎቹን ፕላስተር ለጥፌ እጽፍባቸዋለሁ።

የወላጆቻቸውን የሠርግ ካሴት በትልቅ ስክሪን ማየት የሚፈልጉ ልጆች ይመጣሉ። በጣም ደስ የሚለኝ ሥራ ነው። የካሴት ማጫወቻው ሦስት ገመድ አለው። ቢጫው ምስል ነው፣ ወደ ፕሮጀክተሩ ይሄዳል። ነጩና ቀዩ ድምፅ ናቸው፣ በቀጥታ ወደ ሚክሰር፣ ማለትም ወደ ድምፅ ማቀላቀያው። ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ከሆነ ኤንቲኤስሲ የሚባለው ነው፤ የኛ ደግሞ ፓል። ሁለቱን የሚያነብ ማጫወቻ ካልሆነ ምስሉ ይንከባለላል ወይም ቀለሙን ያጣል።

ለኳስ ዲኮደር የምታገናኙ ሰዎች፣ ኤችዲኤምአዩን በቀጥታ ፕሮጀክተሩ ላይ ሰኩት። መሃል ላይ ማከፋፈያ ወይም ኮንቨርተር ሲገባ የቅጂ መከላከያው ምስሉን ሊያጠፋው ይችላል።

አሁን እናትየው የጠየቁኝን እንመልስ። ያን ቀን ድምፁ አልጠፋም ነበር። በኤችዲኤምአይ ተጭኖ ፕሮጀክተሩ ውስጥ ገብቶ ነበር። የፕሮጀክተሩ ስፒከር ትንሽ ናት፤ ድምጿም ዜሮ ላይ ነበር። ብትከፈትም 300 ሰው አይሰማትም። መፍትሔው ከፕሮጀክተሩ ጀርባ «ኦዲዮ አውት» የምትለው ቀዳዳ ነበረች። ከሷ ወደ ሚክሰሩ አንድ ገመድ ሳብኩ። ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስጀመርነው። «እማዬ» ብሎ ሲጀምር እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ድንኳኑ ጸጥ አለ።

ላፕቶፕ ከሆነ ድምፁን ከፕሮጀክተሩ አልጠብቅም። ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ሚክሰር እወስደዋለሁ፤ አንድ ጫፉ ቀጭን፣ ሌላው ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ገመድ ነው። ነገር ግን ኤችዲኤምአይ ሲሰካ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ድምፁን በራሱ ወደ ፕሮጀክተሩ ያዞረዋል። ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን የድምፅ ምልክት ተጫኑና የላፕቶፑን ስፒከር ወይም የጆሮ ማዳመጫውን ምረጡ። ቅርንጫፎቹ የሚገቡት «ላይን» የሚለው ቀዳዳ ላይ ነው፤ የማይክ ቀዳዳ ላይ አይደለም። ላፕቶፑን ከፍ አድርጋችሁ ሚክሰሩን ከዜሮ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። «እምምም» የሚል ድምፅ ከመጣ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና አዳምጡ። ከቆመ ችግሩ ከኤሌክትሪኩ ነው፤ ላፕቶፑን፣ ፕሮጀክተሩንና ሚክሰሩን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ይህም ካላቆመው ቻርጀሩን ነቅላችሁ ባትሪው እስከቻለ በባትሪ አጫውቱ።

ምስል እምቢ ሲል አትደናገጡ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ «ኖ ሲግናል» ካለ ጥሩ ዜና ነው። ፕሮጀክተሩና መብራቱ ደህና ናቸው ማለት ነው። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሂዱ፤ ሶርሱ ትክክል ነው? ገመዱ እስከ መጨረሻ ገብቷል? ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሌላ ገመድ። ካልሆነ ሌላ ላፕቶፕ። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ለዚህ ነው ቦርሳዬ ውስጥ ሁሌ እንደሚሠራ ያረጋገጥኩት አንድ አጭር የኤችዲኤምአይ ገመድ የማይጠፋው። 2 ሜትር ናት። ለሌላ ሥራ አላውላትም።

መብራት ሲሄድ ባለ አምፖሉ ፕሮጀክተር ውስጡ እንደጋለ ይቀራል። ጄኔሬተር ቢነሣም ወዲያው አታብሩት። ጄኔሬተሩ ይረጋጋ፣ አምፖሉም ይቀዝቅዝ፤ የጋለ አምፖል አልነሣም ይላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ለእንግዳው መድረክ መሪው ጥቂት ያጫውትላችሁ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅም ሶኬቱን አትንቀሉ። የማጥፊያ ቁልፉን ተጫኑ። ብዙዎቹ «ይጥፋ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ድጋሚ ተጫኑ። ብርሃኑ ይጠፋል፣ ማራገቢያው ግን ይቀጥላል። እስከዚያ ገመዶቹን ጠቅልሉ፤ ክርን ላይ ሳይሆን በሰፊው ክብ አድርጋችሁ። እኔ የፋይበሩን ጠቅልዬ ሳስር አብዛኛውን ጊዜ ማራገቢያው ቀጥ ይላል። ያኔ ነው ሶኬቱን የምነቅለው።